ሰሙ ሳይፈታ፦ አንድን ፊልም ከሴራው እስከ ጭብጡ መተንተን

ፊልም አልቆ የተዋንያኑ ስም መውረድ ሲጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ባሕር ዳር ተማሪዎች ተሰብስበው ያዩትም ይሁን ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ያየው፣ ጥያቄው አይለወጥም። መልሱም ብዙ ጊዜ አይለወጥም፦ «ድህነት ክፉ ነው»፣ «ሌብነት ያዋርዳል»፣ «ፍቅር ያሸንፋል»። እነዚህ መልሶች ሐሰት አይደሉም። ችግራቸው ፊልሙን ያላየ ሰውም ሊናገራቸው መቻሉ ነው። ለመቶ ፊልም እኩል የሚሠራ መልስ ስለዚህኛው ፊልም ምንም አልነገረንም።

ጎጃም ለዚህ ችግር የሚሆን ዕውቀት ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ አለው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ያሉበት ምድር ነው። ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፤ ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑ ግን ይረሳል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል። በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ወርቅ ሰሙ በለቀቀው ቦታ ይፈስሳል። እንግዲህ ወርቁ የሚይዘው ቅርጽ ሰሙ የነበረውን ቅርጽ ነው። ሰሙ ላይ አንዲት ጭረት ካለች ወርቁም ላይ ትኖራለች። ፊልምም እንዲሁ ነው፤ ጭብጡ (ፊልሙ በጠቅላላው የሚለው ነገር) የሴራውን (የድርጊቶቹን አያያዝና ቅደም ተከተል) ቅርጽ ይይዛል። ሴራውን በግምት ያነበበ ሰው የሚያወጣው ጭብጥ የፊልሙ ሳይሆን አስቀድሞ በልቡ የያዘው ነው። የቅኔ ተማሪ ግሥና አገባብ ሳያውቅ ወደ ምሥጢሩ እንደማይገባ ሁሉ፣ የፊልም ተንታኝም ማን ምን እንዳደረገና በምን ቅደም ተከተል እንደተነገረ ሳይዝ ስለ ጭብጥ ማውራት የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው፤ የቀረው አሠራሩ ነው።

ለማሳያ አንድ ፊልም ይዘን እንሂድ፦ እ.ኤ.አ. በ1948 ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የሠራው «የብስክሌት ሌቦች»። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ብስክሌት የብዙ ሰው እግር በሆነባት ባሕር ዳር ለሚኖር ተመልካች የፊልሙ ጭንቀት ማብራሪያ አይፈልግም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሮም ከተማ ሥራ አጥ የሆነው አንቶኒዮ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ላለው ብቻ ነው። ብስክሌቱ በመያዣ ተቀምጧል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቹን አስይዛ ብስክሌቱን ታስወጣለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ መሰላል ላይ ሆኖ ፖስተር ሲለጥፍ፣ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አንቶኒዮና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ሮምን ያስሳሉ። ዋናውን ሰው የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ሙያተኛ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙን ያላያችሁ ከዚህ በታች መጨረሻው ስለሚነገር ቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል።

አንድ ጊዜ አይቶ መተንተን አይቻልም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ ሦስት ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። የመጀመሪያውን ያለ ደብተር፣ ሳታቋርጡ እዩት። የት እንዳዘናችሁ፣ የት እንደሰለቻችሁ፣ የት እንደተናደዳችሁ ፊልሙ ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጻፉ፤ ቆይቶ የሚጻፍ ስሜት በሌሎች ሰዎች አስተያየት ይበረዛል። ሁለተኛው ዕይታ የሥራ ዕይታ ነው። የ90 ደቂቃ ፊልም እያቆሙ ሲያዩት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ መብራት ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ስልኩን ወይም ላፕቶፑን ቀድማችሁ ሙሉ። ሦስተኛው ዕይታ ሙሉውን ፊልም አይደለም፤ የተመረጡ አምስት ወይም ስድስት ትዕይንቶችን ብቻ ነው።

ለሁለተኛው ዕይታ የደብተሩን ገጽ አግድም አድርጋችሁ በአምስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ደቂቃውን፣ በሁለተኛው ቦታውንና ሰዓቱን (ቀን ነው ማታ? ውስጥ ነው ውጭ?)፣ በሦስተኛው በዚያ ትዕይንት ማን ምን እንደሚፈልግ፣ በአራተኛው ምን እንደከለከለው፣ በአምስተኛው ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን እንደተለወጠ ትጽፋላችሁ። ለአንድ ትዕይንት አንድ መስመር ብቻ ፍቀዱ። የዚህ ርዝመት ያለው ፊልም ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ትዕይንት ይኖረዋል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ገጽ ይበቃል። በብዛት የሚበላሸው አምስተኛው ዓምድ ነው። ሰዎች «ተነጋገሩ»፣ «ሄዱ» ብለው ይሞሉታል። ያ ለውጥ አይደለም። «ሚስቱ አንሶላ አስያዘች» ድርጊት ነው፤ «ቤቱ አልጋ ልብሱን አጣ፣ ሰውየው ሥራ አገኘ» ለውጥ ነው። አምስተኛው ዓምድ ባዶ የሚሆንበት ትዕይንት ካጋጠማችሁ ምልክት አድርጉበት። ወይ ትዕይንቱ ትርፍ ነው፣ ወይ እናንተ ያላያችሁት ነገር አለ፤ በጥሩ ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ሴራውን መፍታት

ታሪክና ሴራ አንድ አይደሉም። ታሪኩ ነገሮች በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ሴራው ፊልሙ የመረጠው የመንገሪያ ቅደም ተከተልና የምክንያት ሰንሰለት ነው። በ«የብስክሌት ሌቦች» ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ምልሰት የለም፣ ሁሉም ወደፊት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን ተቃራኒው ነው፤ አንበርብር ወደ መንደሩ ከተመለሰበት ጊዜ እየተነሣ ወደ ጀርመን የተማሪነት ዘመኑና ወደ ደርጉ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ፊልም ሲገጥማችሁ ትዕይንቶቹን በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ በአንዱ እንደተፈጸሙ፣ በሌላው እንደታዩ። ከዚያ ምልሰቱ የት እንደገባ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቦታ ለምን እንደገባ ጠይቁ፦ ከምልሰቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ምስል ምንድን ነው? የሰውየው አእምሮ ወደ ኋላ የሄደው በድምፅ ነው፣ በቦታ ነው፣ ወይስ በሰው?

ሴራውን ለመፈተን ቀላሉ መሣሪያ ትዕይንቶቹን በአያያዥ ቃል ማሰር ነው። በሁለት ትዕይንቶች መካከል «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ ሰንሰለቱ ጠንካራ ነው። «ከዚያ» ብቻ ከገባ ሰንሰለቱ ላልቷል። እንሞክረው። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንሶላ ተያዘ፤ ስለዚህ ብስክሌቱ ወጣ፤ ነገር ግን ተሰረቀ፤ ስለዚህ ወደ ፖሊስ ሄደ፤ ነገር ግን ፖሊስ አቤቱታውን መዝግቦ ተወው፤ ስለዚህ ራሱ ፍለጋ ወጣ። እስከዚህ ድረስ አንድም የላላ ቋጠሮ የለም። ፍለጋው ከተጀመረ በኋላ ግን ሰንሰለቱ ይላላል። ገበያ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ዝናብ ይጥላል፤ ከዚያ ሌባውን በድንገት ያዩታል፤ ከዚያ ከሌባው ጋር ያዩትን አንድ ሽማግሌ ተከትለው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ጀማሪ ተንታኝ «መሐሉ ደካማ ነው» ብሎ ይጽፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥያቄው ሰንሰለቱ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ላላ የሚለው ነው። ሰውየው የቻለውን ሁሉ ያደርጋል፤ ከተማዋ ግን ለጥረቱ መልስ አትሰጥም። የምክንያት ሰንሰለት የሚላላው ምክንያት በማይሠራበት ዓለም ውስጥ ስለገባ ነው። መሣሪያው ጉድለት ሲያሳያችሁ ፍርድ ከመስጠት በፊት ጉድለቱ ፊልሙ ፈልጎት እንደሆነ ፈትሹ። መፈተኛውም ይህ ነው፤ ላላው ክፍል ካለቀ በኋላ ሰንሰለቱ ተመልሶ ይጠብቃል? እዚህ ይጠብቃል። ሌባው ተገኘ፤ ነገር ግን ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ አንቶኒዮ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ስለዚህ በስታዲየሙ ደጅ የተደረደሩት ብስክሌቶች ፈተና ሆኑበት።

ንግርን፣ ማለትም በኋላ የሚመጣውን ነገር ቀድሞ የሚጠቁመውን ምልክት፣ መያዝም የዚህ ክፍል ሥራ ነው። ብስክሌቱ ከመሰረቁ በፊት ማሪያ አንዲት አዋቂ (ጠንቋይ) ቤት ትገባለች። አንቶኒዮ ብስክሌቱን ደጅ ለሚጫወቱ ልጆች አደራ ሰጥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ተመልካቹ «አሁን ተሰረቀ!» ብሎ ይጠብቃል። አይሰረቅም። ፊልሙ ፍርሃቱን ያለ ጉዳት ቀድሞ ተከለብን፤ በኋላ ስርቆቱ ሲመጣ አስቀድመን የፈራነው ነገር ስለሆነ የበለጠ ያምማል። ንግር ስታገኙ በደብተሩ ላይ ቀስት ሳሉና የተከፈለበትን፣ ማለትም የተጠቆመው ነገር የደረሰበትን፣ ደቂቃ ጻፉ። ያልተከፈለ ንግር ካለ እሱም መረጃ ነው።

ገጸ ባሕርይ

እዚህ ላይ የምንሳሳተው ገጸ ባሕርዩን እንደ ጎረቤት መፍረዳችን ነው። «ልጁን መምታት አልነበረበትም»፣ «ሚስቱን ባላላገጠባት ኖሮ»። እነዚህ አስተያየቶች ለቡና ጨዋታ ይሆናሉ፤ ለትንተና ግን መነሻ ብቻ ናቸው። ገጸ ባሕርይን ለመተንተን የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ሰውየው በአፉ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሳያውቀው የጎደለው ምንድን ነው? ጫና ሲበዛበት ምን ይመርጣል? ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሰው ሲደላው የሚያደርገው ብዙ አያስረዳም፤ ሁለት ውድ ነገሮች ሲጋጩበት የመረጠው ግን ማንነቱን ያወጣዋል።

አንቶኒዮ የሚፈልገው ብስክሌቱን ነው። ይህ ቀላል ነው። የጎደለውን ለማየት ግን ሁለት ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ማሪያ አዋቂ ቤት በመሄዷ ያሾፍባታል። በኋላ፣ ሁሉም መንገድ ሲዘጋበት፣ ራሱ ወደዚያችው ሴት ይሄዳል። ሴትዮዋም «ወይ አሁኑኑ ታገኘዋለህ፣ ወይ ከቶ አታገኘውም» ትለዋለች። ቦታው አንድ ነው፤ ሴትዮዋ አንድ ናት፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። ለውጥን በቃል ከመግለጽ እንዲህ ያሉ ጥንድ ትዕይንቶችን መፈለግ ይሻላል። በአብዛኛው ጥሩ ፊልም ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጥንዶች ይገኛሉ፤ አንዱ ከመጀመሪያው ሩብ፣ ሌላው ከመጨረሻው ሩብ።

ብሩኖን እንደ ተጨማሪ ልጅ የሚያይ ሰው ፊልሙን ግማሽ ነው ያየው። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት ብስክሌቱን የሚወለውለው እሱ ነው፤ ብስክሌቱ በመያዣው ቤት ሳለ የተጎዳበትን ቦታ አግኝቶ ለምን ዝም እንደተባለ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ልጁ አስተዋይ ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ የምስክርነት ቦታ ይዟል። ሽማግሌው አባቱን አምልጦት ሲሄድ ብሩኖ ይወቅሰዋል፤ አባቱም በጥፊ ይመታዋል። ወዲያው ከወንዙ በኩል ሰው ሰጠመ የሚል ጩኸት ይሰማል፤ አንቶኒዮ ልጁ መስሎት ይሮጣል። ልጁ ሌላ ነው። ከዚያ አባትና ልጅ ምግብ ቤት ይገባሉ፤ አቅማቸውን አልፈው ያዝዛሉ፤ አንቶኒዮ ብስክሌቱ ባይጠፋ ኖሮ የሚያገኘውን ደመወዝ ልጁን እርሳስ አስይዞ ያስደምረዋል። አጠገባቸው ያለው የሀብታም ልጅ ብሩኖን በግልምጫ ያየዋል። እነዚህን ሦስት ትዕይንቶች (ጥፊው፣ ወንዙ፣ ምግብ ቤቱ) በዓምድ ሦስት ስታነብቧቸው ብስክሌት የሚባል ነገር ከፍላጎቱ ዝርዝር ለጥቂት ደቂቃ እንደወጣ ታያላችሁ። የአንቶኒዮ ጉድለት ያኔ ይወጣል፤ ልጁ ዐይን ውስጥ ያለውን ክብሩን ሊያጣ ነው።

ሌባውንም አትርሱት። ቤቱ ሲፈተሽ ድህነቱ ከአንቶኒዮ ቢብስ እንጂ አይሻልም፤ እናቱና ሰፈርተኛው ይከላከሉለታል፤ ፖሊሱም ምንም አያገኝም። የተቃራኒ ገጸ ባሕርይ ዋና ጥያቄ «ከዋናው ሰው በምን ይመሳሰላል?» ነው። ልዩነታቸውን ሁሉም ያያል።

ምስልና ድምፅ

ለዚህ ክፍል ሦስተኛውን ዕይታ ተጠቀሙ። ከመረጣችሁት ትዕይንት አምስት ደቂቃውን ድምፁን ዘግታችሁ እዩ፤ ከዚያ ስክሪኑን ሸፍናችሁ በኢርፎን ስሙት። ድምፁ ሲዘጋ ማን ከማን ከፍ ብሎ እንደቆመ፣ ካሜራው ለማን እንደሚቀርብ፣ በመካከላቸው ምን ዕቃ እንዳለ ይታያችኋል። የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ የሚያይ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ያጣዋል፤ ዐይኑ ከስክሪኑ ታች ተጣብቆ ይቀራል።

በ«የብስክሌት ሌቦች» ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ምስል የአንሶላዎቹ ነው። ማሪያ አንሶላዎቿን ካስረከበች በኋላ ሠራተኛው ጥቅልሉን ይዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ይወጣል፤ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ ነው። አንድም ቃል አይነገርም። አምስተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ግን ትልቅ ነው፦ እስካሁን የአንድ ቤት የነበረው ችግር የከተማዋ ሆነ። በፖሊስ ጣቢያው ደግሞ ተቃራኒውን እንሰማለን፤ አዲስ ነገር አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ፖሊሱ ምንም የለም፣ ብስክሌት ነው እንጂ ይላል። ምስሉ ያገነነውን ቃሉ ያሳንሰዋል። እነዚህን ሁለት ትዕይንቶች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ስለ ድህነት ከሚጻፍ ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

ተምሳሌት ፍለጋ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቅኔ ኅብር ማለት አንድ ቃል ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ ሲሸከም ነው፤ «ዓባይ» ከተባለ ወንዙም ሐሰተኛውም በአንድ ድምፅ ይመጣሉ። ኅብሩ የሚሠራው ግን ሁለቱም ትርጉሞች በዐረፍተ ነገሩ አገባብ ሲቆሙ ብቻ ነው። የተሰረቀው ብስክሌት ስሙ «ፊዴስ» ነው፤ በላቲን እምነት ማለት ነው። ይህ ኅብር ሊሆን ይችላል? በመጀመሪያ በሰሙ ይቆማል፤ የብስክሌት መለያ ስም ነው። በወርቁም ይቆማል፤ ሰውየው በፖሊስ፣ በጓደኛ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በአዋቂዋ ላይ በየተራ እምነት ይጥላል፤ በየተራም ይወድቅበታል። ሁለቱም ስለቆሙ እቀበለዋለሁ። «ዝናቡ እንባ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ዝናቡ ገበያውን በትኖ ፍለጋውን ያበላሻል እንጂ ሌላ ትርጉም እንዲሸከም ፊልሙ ምንም አላዘጋጀም። ለእያንዳንዱ ተምሳሌት ይህን ጠይቁ፦ ነገሩ ስንት ጊዜ ይመለሳል? ሲመለስ ሁኔታው ተለውጧል? አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ የጠፋን ነገር ተምሳሌት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ወርቁ

ጭብጥ በአንድ ቃል አይጻፍም። «ድህነት» ርእሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ግስ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለ ርእሰ ጉዳዩ አንድ ነገር ይላል፤ ሌላ ሰው ሊቃወመውም ይችላል። ዐረፍተ ነገሩን የምታወጡት ከፊልሙ ንግግሮች ሳይሆን ከዋናው ሰው የመጨረሻ ከባድ ምርጫና ምርጫው ካስከተለው ነገር ነው። የአንቶኒዮ የመጨረሻ ምርጫ ምን ነበር? እሁድ ነው፤ ስታዲየም ደጅ ብስክሌት ተደርድሯል፤ አንድ ብስክሌት ደግሞ በር ላይ ብቻውን ቆሟል። ልጁን በትራም ሂድ ብሎ ይልከውና ብስክሌቱን ይሰርቃል። ይያዛል። ትራሙ ያመለጠው ብሩኖ ቆሞ ያያል። ባለ ብስክሌቱ ልጁን አይቶ ሰውየውን ይለቀዋል።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ዐረፍተ ነገር እንሞክር፦ «ሰውን ብቻውን የሚተው ከተማ ተበዳዩንም በዳይ ያደርገዋል።» እንፈትነው። ከመጀመሪያው ክፍል፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ትዕይንት ሊደግፈው ይገባል። ከመጀመሪያው የአንሶላው መደርደሪያ፣ ከመሐሉ ፖሊሱና ሰፈርተኛው፣ ከመጨረሻው ስርቆቱ። ርእሱም ይደግፈዋል፤ በጣሊያንኛ «ሌቦች» በብዙ ቁጥር ነው። ፊልሙ አሜሪካ ሲገባ ርእሱ በነጠላ ቁጥር ተተርጉሞ ነበር፤ በዚያ ርእስ ያየ ሰው ሌባው አንድ ብቻ እንደሆነ አስቦ ይጀምራል። ሁለተኛው ፈተና ይከብዳል፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚቃወም ትዕይንት ፈልጉ። አለ፦ የጽዳት ሠራተኛው ጓደኛው ባዮኮ በጠዋት ገበያ ለገበያ አብሮት ይፈልጋል። ስለዚህ «ብቻውን የሚተው» ማለት ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ሰዎች አሉ፤ ርኅራኄያቸውም አለ፤ ግን ከግማሽ ቀን አያልፍም። ዐረፍተ ነገሩን እናስተካክለው፦ «የድሃ ሰዎች ርኅራኄ እውነተኛ ቢሆንም ሥራና ዳኝነት በሌለበት ከተማ የእነሱን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ተበዳዩ ራሱ በዳይ ይሆናል።» ረዘመ፤ ነገር ግን የዚህን ፊልም ቅርጽ ይዟል። ለሌላ ፊልም ብታውሱት አይገጥምም።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ለጎጃም ተመልካች በጣም የሚሠራ ይመስለኛል። ዋናውን ዕቃ በሌላ ተኩና የቱ ጋ እንደሚሰበር እዩ። ብስክሌቱን በበሬ እንተካው። ደጀን አካባቢ ያለ ገበሬ፣ ጤፍ በሚዘራበት በሐምሌ፣ ከጥማዱ አንዱ ተሰረቀበት እንበል። የጊዜ ጫናው እንዳለ ይሄዳል፤ የዘር ወቅት ካለፈ ዓመቱ አለፈ። የኢኮኖሚው ነገርም ይሄዳል፤ ያለ በሬ እርሻ የለም። ነገር ግን መቀናጆ አለ። አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ያርሳል። ስለዚህ በሬው የጠፋበት ሰው ወደ ስርቆት እንዲሄድ ታሪኩ መጀመሪያ መቀናጆውን ማፍረስ አለበት፤ ጠብ፣ ደም፣ ወይም መገለል ማስገባት ግድ ይሆናል። ያኔ ታሪኩ ስለ ጎረቤት ክሕደት ይሆናል። በሮም ግን ክሕደት አያስፈልግም። ብስክሌት በባሕርዩ የአንድ ሰው መሣሪያ ነው፤ ለሁለት ሰው ሥራ አይቀናጅም። ይህ ልዩነት የፊልሙ ብቸኝነት ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ያሳያል፦ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሥራው የተዋቀረው ለነጠላ ሰው ስለሆነ ነው። በመተካቱ ላይ የምትሰበረዋ ቦታ ብዙ ጊዜ የጭብጡ ሥር ናት።

ስትጽፉት

የመጀመሪያ ትንተና ከ800 እስከ 1,000 ቃል ቢሆን ይበቃል። ታሪኩን መተረክ ከጽሑፉ ሩብ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትንተናው ጠፍቶ ትረካ ቀርቷል ማለት ነው። አንድ የጭብጥ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ሦስት ትዕይንት ብቻ ምረጡና እያንዳንዱን እስከ ጥግ ድረስ ፍቱ። አሥር ትዕይንት የሚጠቅስ ጽሑፍ አንዱንም አይፈታም። ደቂቃውን ጻፉ፤ አንባቢው ሄዶ ማየት አለበት። «ዳይሬክተሩ ሊል የፈለገው» የሚለውን ሐረግ በሙሉ ሰርዙና «ፊልሙ የሚያሳየው» በሉ፤ የዳይሬክተሩን ልብ አናውቅም፣ ፊልሙ ግን ከፊታችን ነው።

በቡድን ከሆነ ስድስት ሰው ልኩ ነው። አምስቱን ዓምድ ለአምስት ሰው አካፍሉ፤ ስድስተኛው የተቃዋሚ ትዕይንት ፈላጊ ይሁን፤ ሥራው የቀረበውን ጭብጥ ሁሉ የሚያናጋ ትዕይንት ማምጣት ብቻ ነው። ይህ ሰው ከሌለ ቡድኑ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይስማማል፤ ፈጥኖ የተስማማ ቡድን ደግሞ ወደ «ድህነት ክፉ ነው» ይመለሳል።

ለውይይት የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ክፈቱ። አንቶኒዮ ተለቅቋል፤ ብሩኖ የወደቀውን የአባቱን ባርኔጣ አንሥቶ አራግፎ ሰጥቶታል፤ በሕዝቡ መካከል ይሄዳሉ። አባትየው ያለቅሳል። ብሩኖ እጁን በአባቱ እጅ ውስጥ ያስገባል። አንዱ ተመልካች ይህ ይቅርታ ነው ይላል፤ ልጁ አባቱን በውርደቱ ተቀበለው። ሌላው ሸክም ነው ይላል፤ ልጁ ከዛሬ ጀምሮ አባቱን የሚመራ ሆነ፣ ልጅነቱ እዚህ አለቀ። የመጀመሪያው ባለ ሐሳብ ጥፊውን ማስረዳት አለበት፤ ያ እጅ የመታው እጅ ነውና። ሁለተኛው ደግሞ ምግብ ቤቱን ማስረዳት አለበት፤ ብሩኖ እዚያ ደስ ያለው ልጅ ሆኖ ነበርና። ድምፁን ዘግታችሁ አንዴ፣ ከፍታችሁ አንዴ እዩትና ማን ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ፣ ማንስ አጥብቆ እንደያዘ በደብተራችሁ ጻፉ።